ፋይ ቤታ ካፓ ሚስጥራዊ ማኅበር ነው?

ወንድሜ፣ «ፋይ ቤታ ካፓ እስከ ዛሬ በስውር የሚሠራ ማኅበር ነው፤ ልጆቻችንን ከሱ እናርቅ» ብለህ ጽፈሃል። ፋይ ቤታ ካፓ በአሜሪካ በትምህርታቸው የላቁ ተማሪዎች የሚመረጡበት የክብር ማኅበር ነው። ስውር ነው ብሎ ብዙ ሰው ያስባል። ግን ልክ አይደለም።

መነሻ የለውም አልልም። ማኅበሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1776 በቨርጂኒያ፣ ዊሊያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ነው። ያኔ በእርግጥ ሚስጥር ነበረው። መሐላ ነበር፤ አባላት የሚተዋወቁበት የተለየ የእጅ አጨባበጥም ነበር። በሩን ዘግተው የሚያደርጉት ግን ምን መሰለህ? ክርክር! ስሙ የሆነው የሚያስፈራው የግሪክ ፊደልም የመፈክራቸው ምህጻር ነው፦ «ፍቅረ ጥበብ የሕይወት መሪ ናት»። እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚያምር መፈክር አላውቅም።

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ሲቃረብ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በ1781 ተዘጋ። ደግነቱ የዬል እና የሃርቫርድ ኮሌጆች ቅርንጫፍ እንዲከፈትባቸው ቀድሞ ተፈቅዶ ስለነበር ማኅበሩ ተረፈ። በ1831 ደግሞ የሃርቫርዱ ቅርንጫፍ ሚስጥሩን ተወው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ፍሪሜሶን በሚባለው ሚስጥር ጠባቂ ማኅበር አባላት ላይ ከባድ ጥርጣሬ ነበር። ስለዚህ ያ ስውርነት ከቀረ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያለው ቅርንጫፍ በትምህርታቸው የላቁትን መርጦ ይጋብዛል። ተማሪ ራሱ አያመለክትም። አንድ ላይ የሚኖሩበት፣ ድግስ የሚደገስበት የወንድማማች ማኅበርም አይደለም፤ ሴቶች ከ1875 ጀምሮ አባል ናቸው። ግብዣው ለልጅህ ከደረሰው እንኳን ደስ አለህ!