ሪፖርቱ ኮምፒዩተር ላይ፣ ደረሰኙ ካርቶን ውስጥ

ባለፈው ሳምንት የልጅነት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። ሳሪስ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ያከፋፍላል፤ ሁለት ሱቅ፣ አንድ መጋዘን። «እዚያ ጀርመን የምትሠሩበትን ሶፍትዌር ስሙን ንገረኝና ልግዛው፣ ሪፖርቱ በራሱ ይውጣልኝ፤ ሂሳብ ሠራተኞቼ አሰለቹኝ» አለኝ። ሳቅኩበት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም።

የምሠራው ሽቱትጋርት አጠገብ ያለ መካከለኛ የማሽን ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ክፍሌ ኮንትሮሊንግ ይባላል። እናቴ ስሙን ሰምታ ለጎረቤት «ልጄ ጀርመኖቹን ይቆጣጠራል» እያለች ነው የምታወራው። እኛ ግን ኦዲተርም ተቆጣጣሪም አይደለንም። ዕቅዱ ምን ይል ነበር፣ የወጣው ስንት ነው፣ ልዩነቱስ ከየት መጣ እያልን የየክፍሉን ኃላፊ ስንጨቀጭቅ ነው የምንውለው። እኔ አገር ቤት በሠራሁበት ቦታ ይህ ሥራ ለብቻው ወንበር አልነበረውም፤ ቦርድ ሊሰበሰብ ሲል ፋይናንስ ኃላፊው ሌሊት አምሽቶ የሚሠራው ነገር ነበር።

እዚህ ስመጣ ወር ለመዝጋት ዘጠኝ የሥራ ቀን ይፈጅብን ነበር። አሁን ሦስት። ምን ተለወጠ ብትሉኝ እንደ ተአምር የሚወራ ነገር የለውም። ጠዋት ቢሮ ስገባ የባንኩ መግለጫ ሌሊቱን ገብቶ፣ ካልተከፈሉት ኢንቮይሶች (የክፍያ መጠየቂያዎች) ጋር ተመሳክሮ ይጠብቀኛል። ዕቃ ሲገዛ ደግሞ ሲስተሙ የታዘዘውን፣ መጋዘን የገባውንና ሻጩ የጠየቀውን ያስተያያል። ሦስቱ ከተስማሙ የሰው እጅ ሳይነካው ለክፍያ ያልፋል። ካልተስማሙ ቀይ ሆኖ ይቆማል። የእኔ ሥራ ቀዩ ላይ ነው።

አንድ ቀን 400 ፍሬ ታዝዞ የ400 ሂሳብ መጣ። መጋዘን የገባው ግን 380 ተብሏል። ቀይ። ወርጄ መጋዘን ያሉትን ቱርካዊ ሽማግሌ ጠየቅኳቸው። ጓንታቸውን አወለቁ፣ ሳጥኑን ፊቴ ገለበጡት፣ አሥር አሥሩን እየደረደሩ እንደገና ቆጠሩልኝ። 380። ያ ሁሉ ሚሊዮን ዩሮ የፈሰሰበት ሲስተም በእግሩ የቆመው ሰውዬው ሳይቆጥሩ ስለማይፈርሙ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው 400 ብለው ቢፈርሙ ኖሮ ኮምፒዩተሩ «ተስማምቷል» ብሎ በደስታ ይከፍል ነበር።

የጀርመን መንግሥትም ነገሩን ከበሩ ጀምሮ ነው የያዘው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ጀርመን ያለ ድርጅት ሁሉ፣ አገር ውስጥ ካለ ሌላ ድርጅት የሚላክለትን ኤሌክትሮኒክ ኢንቮይስ የመቀበል አቅም ሊኖረው ግድ ነው። መላኩም በ2027 ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ800,000 ዩሮ በላይ ለሆነ፣ በ2028 ደግሞ ለቀሩት ግዴታ ይሆናል። ተራ ፒዲኤፍ አይቆጠርም፤ ኮምፒዩተር ራሱ የሚያነበው ፋይል መሆን አለበት። እኔ ጋ ሲደርስ ማንም ከወረቀት እያየ ኮምፒዩተር ላይ አይመታውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቃሊቲ ልመልሳችሁ። ከመምጣቴ በፊት እዚያ አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። ፒችትሪ የሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ነበረን። ሪፖርት ለማውጣትማ ፒችትሪ ደቂቃ አይፈጅበትም። ጣጣው እዚያ እስኪደረስ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ፤ ስለዚህ ሐምሌን ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ብለን እንሞላለታለን፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እንደርባለን። ይኼ ቀላሉ ነው። ከባዱ ከመርካቶ የሚመጣው ነው።

ግዢ ሠራተኛችን መርካቶ ሄዶ ዋጋ ሲጠይቅ ቀድማ የምትመጣውን ጥያቄ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ዋጋው ሁለት ነው። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ቫት ይጨመራል፣ አንዳንዴም ደረሰኙ ላይ የሚጻፈውና እጅ በእጅ የሚከፈለው አይገናኝም። ዕቃው የግድ ከሆነ ያለ ደረሰኝ ይገዛል። ከዚያ እኛ ነን ባለ ዕዳዎቹ። ሦስት ሰው የፈረመበት ወረቀት ይዘጋጃል፣ ፒቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ የሚያዘው ጥሬ ገንዘብ) ይወራረዳል፣ ያልተወራረደው ካርቶን ውስጥ ይገባል። ጥቅምት 30 የግብር ማሳወቂያ ቀኑ ሲቃረብ ካርቶኑ ይከፈትና ቢሮው የጉልት ገበያ ይመስላል። ግማሹ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ሆኗል፤ አምፖል ሥር አስጠግተን እናነባለን።

ሹማችን (ጋሼ ነበር የምንላቸው) ፒችትሪ ያወጣውን ትራያል ባላንስ (የሂሳቦቹን ሚዛን ማሳያ ዝርዝር) ወረቀት በሚተፋው ካልኩሌተራቸው እንደገና ይደምሩት ነበር። እኛ ወጣቶቹ ጀርባቸው ላይ እንስቅ ነበር። አሁን የጀርመኑ አለቃዬ ስክሪን ላይ በቀለም የሚያበራውን ሪፖርት አትሞ በቀይ እስክሪብቶ ሲያከብብበት ባየሁ ቁጥር ጋሼ ትዝ ይሉኛል። ለነገሩ ይህ አገር የሚወራለትን ያህል አይምሰላችሁ። ከሲስተሙ አውጥተን ኤክሴል ላይ የምንቀጥለው ሥራ ዛሬም አለ፤ አንዱን ኤክሴል የሠራው ሰውዬ ጡረታ ወጥቷል፣ ቀመሩን የሚነካ ደፋር አልተገኘም።

ማጭበርበርም ቢሆን በሶፍትዌር አይቀርም። ዋየርካርድ የሚባለውን የክፍያ ኩባንያ አስታውሱ፣ ራሱ የቴክኖሎጂ ድርጅት ነበር፣ ያውም በጀርመን አክሲዮን ገበያ ከትልልቆቹ ተርታ። እ.ኤ.አ. በ2020 ፊሊፒንስ ባንኮች ውስጥ አለ የተባለው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የለም ተባለ። ለዓመታት ሪፖርቱ ንጹሕ ነበር፣ ኦዲተርም ፈርሞበታል። ወደ ባንኮቹ ዘልቆ «ገንዘቡ አለ ወይ?» ብሎ አጥብቆ የጠየቀ ሰው ነው የጠፋው።

ታዲያ ለጓደኛዬ መልሼ ስደውል መጀመሪያ ያነሳሁት ዋጋውን ነው። የሶፍትዌሩ ኪራይ በየወሩ በዶላር ነው የሚከፈለው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን ካለፈ ቆይቷል። ፋብሪካችን ሶፍትዌሩን የገዛው የሰው ደመወዝ ስለከበደው ነው፤ ሁለት ሴቶች ጡረታ ሲወጡ የተተካ ሰው የለም። አዲስ አበባ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል፤ በኪራዩ ብር ጎበዝ የሂሳብ ሠራተኛ ይቀጠራል። ይህን ስነግረው ዝም አለ።

«ከገዛኸው ዕቃ ስንቱ ደረሰኝ አለው?» አልኩት።

«ግማሽ።» ትንሽ ቆየና «ግማሽ እንኳን ይሆናል?» ብሎ ራሱን ጠየቀ።

«መጋዘን ገቢውን ማን ይቆጥራል?»

«ሹፌሩ ይነግረናል።»

በዚያው ምሽት ቴሌግራም ላይ ፎቶ ላከልኝ። የብስኩት ካርቶን ነው፤ በፕላስተር ታሽጓል፣ በወፍራም ማርከር «በኋላ የሚታይ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥሩ ሌላ ካርቶን አለ። እሱም ላይ ያው ነው የተጻፈው።