ለሠራተኛ ዋጋ የከለከለ ጉባኤ «ቅዱስ» ሲል

ወገኖቼ፣ በአንድ ደብር የቅዳሴ ቤት በዓል ላይ የሆነውን በዓይናችሁ አይታችሁ ወደየቤታችሁ በሰላም ለገባችሁት ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። እኔም ከመካከላችሁ ነበርሁና ራሴን ከተግሣጹ አላወጣም።

ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ሰባኪው ነቢዩ ኢሳይያስ ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት ያየውን ራእይ አስተማረን፤ ሱራፌል ፊታቸውንና እግራቸውን በክንፋቸው ሸፍነው «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» እያሉ ስለሚጮኹበት ከፍ ያለ ዙፋን ነገረን። ትምህርቱ መልካም ነበር። ከዚያ ጨረታው ተጀመረ። የቀረበው የስቅለት ሥዕል ሲሆን፣ የሕንጻው ሥራ ተቋራጭ በየዙሩ ዋጋ እየጨመረ በመጨረሻ በመቶ ሺህ ብር አሸነፈ። እልልታው ገና ሳይበርድ አንዲት ሴት ከሴቶች ወገን ወጥታ ወደ መድረኩ ቀረበች። በዚያው ሕንጻ ላይ አሸዋና ድንጋይ በባሬላ ስታመላልስ የከረመች የቀን ሠራተኛ ነበረች። ነጠላዋን አደግድጋ «አባቶቼ፣ ፍረዱኝ» አለች። የመጨረሻው ወር ሒሳብ ለእርሷና ለጓደኞቿ እንዳልተከፈለ፣ ፎርማኑን ሲጠይቁት ወደ ኢንጂነሩ፣ ኢንጂነሩን ሲጠይቁት ወደ ፎርማኑ እንደሚመልሷቸው፣ የቤት ኪራይ አጥታ ልጇን ጎረቤት ዘንድ እንዳስጠጋች ተናገረች። ገና ሳትጨርስ በድምፅ ማጉያው መዝሙር ለቀቁባት። አስተናባሪዎቹ በግራና በቀኝ ይዘው ወደ በሩ ሲወስዷት፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ «እኅቴ፣ ይህ ቅዱስ ስፍራ ነው፤ አታርክሺው» አሏት። ከሕዝቡ አንድም ሰው አልተነሣም። ደብሩ ለተቋራጩ ክፍያውን አጠናቅቆ እንደነበር ኋላ ከኮሚቴው አባላት ሰማን፤ እንግዲህ በጨረታው ላይ እልል የተባለለት ብር የማን እንደሆነ ለማወቅ ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልግም።

ተቋራጩን ማውገዝ ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በየዘመኑ አለ። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ በእግዚአብሔር ቅድስና ስም ያችን ሴት ማስወጣታችን ነው። ቅድስናን የሚጎዳው ጩኸቷ ነው ብለን አመንን ማለት ነውን? «እኔ ቅዱስ ነኝና ቅዱሳን ሁኑ» የሚለው የኦሪት ዘሌዋውያን 19ኛ ምዕራፍ እኮ ጥቂት ቍጥሮች ወረድ ብሎ የሠራተኛ ዋጋ እስከ ማግስቱ በእጃችሁ አይደር ይላል። ኢሳይያስም ዙፋኑን ከማየቱ በፊት ባለው ምዕራፍ፣ ቤትን ከቤት ጋር ለሚያያይዙ፣ ጉቦ ተቀብለው የጻድቁን ጽድቅ ለሚያስወግዱ ወዮታ ሲያወርድ፣ ቅዱሱ አምላክ ቅድስናውን የሚገልጠው በጽድቅ እንደሆነ ተናግሯል። ነቢዩ ራእዩን ባየ ጊዜ የጮኸው በደስታ አልነበረም፤ ከንፈሮቹ የረከሱበት ሰው እንደሆነና ከንፈሮቹ በረከሱበት ሕዝብ መካከል እንደሚኖር ዐውቆ «ወዮልኝ» አለ። እኛ የሱራፌልን ምስጋና በቃላችን ይዘን የነቢዩን ወዮታ ተውነው።

የኢዮስያስ ልጅ ኢዮአቄም፣ ለፈርዖን ግብር ብሎ ከአገሩ ሰው ብርና ወርቅ ያስከፈለው ንጉሥ፣ ሰፊ ቤት አሠርቶ፣ መስኮት አብዝቶ፣ በዝግባ አስጊጦ፣ ቀይ ቀለም ሲያስቀባ፣ ኤርምያስ ባልንጀራውን በከንቱ አሠርቶ ዋጋውን ለማይሰጥ ወዮለት አለው። አባትህ ለድኻውና ለችግረኛው ይፈርድ ነበር፤ እግዚአብሔርን ማወቅ ይህ አይደለምን? ሲል ጠየቀው። ኢዮአቄም የነቢዩን ክርታስ በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ጣለው። እኛ መጽሐፉን ተሳልመን በልብስ እንጠቀልለዋለን፤ ለሠራተኛዋ ግን ውጤቱ አንድ ነው።

ክርስቲያኖች ነንና ኢሳይያስ ስለ ደቀቀው አገልጋይ የተናገረውን በክርስቶስ መስቀል ተፈጽሞ እናነባለን፤ የህንደኬ ጃንደረባም ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ያነበው ይህንኑ ነበር። በብዙ ነቢያት ዘንድ ግን ቤዛነት ከዘመድ ግዴታ የተቀዳ ነገር ነው፤ ወንድሙ ደኽይቶ ርስቱን ወይም ራሱን ሲሸጥ ዘመዱ ከኪሱ አውጥቶ ያስመልስ ነበር። «የእስራኤል ቅዱስ» የተባለው አምላክ በኢሳይያስ መጽሐፍ ደጋግሞ ራሱን ታዳጊ፣ ማለትም የሚቤዥ፣ ብሎ ሲጠራ፣ የተበዳዮች ዘመድ ሆኖ መቆሙ ነው። የተሰቀለውን ቤዛ ሥዕል በዘመዶቻችን ደመወዝ ተጫርተን ከወሰድን፣ በሥዕሉ ላይ ያለውን ማን እንደሆነ ብላችሁ ታስባላችሁ?

ይህን የምለው ብዙ ሰው ይሰማኛል ብዬ አይደለም። ኤርምያስ ራሱ ሃያ ሦስት ዓመት ማልዶ ተናግሮ እንዳልሰሙት መዝግቧል። ይሁን እንጂ ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከብበው፣ እርሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ የመቤዠት መብቱ የአንተ ነውና በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛ ሲለው፣ አሥራ ሰባት ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ፣ ምስክር አቁሞ፣ ውሉን አትሞ ከፈለ። በጠላት እጅ ለሚወድቅ መሬት አንዲት ሰቅል እንኳ አላጎደለም። ሕዝቅኤልም እግዚአብሔር ሕዝቡን የሚመልሰው ስለ እነርሱ ሳይሆን ስላረከሱት ቅዱስ ስሙ እንደሆነ ጽፏልና፣ የእኛ አለመብቃት ተስፋውን ጨርሶ አይዘጋውም፤ እኔም የቀረኝ ተስፋ ይኸው ነው።

እንግዲህ የደብሩ ልጆች፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። የበጎ አድራጊዎች ስም በእብነ በረድ ከመቀረጹ በፊት ሠራተኞቹ ይጠሩ፤ ያችም ሴት በተገፈተረችበት በር በክብር ትግባ፤ ተቋራጩ ደመወዛቸውን ይክፈል፤ እንቢ ቢል ከጨረታው ገንዘብ ይከፈላቸው። የሠራተኞቹ የስም ዝርዝር ፎርማኑ ዘንድ አለ፤ ገንዘቡም ገና አልተነካም ይባላል።