ከቬንቲሌተሩ በፊት በሩ
በኮቪድ ጊዜ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሎችን ያስጨነቀው የቬንቲሌተር፣ ማለትም የመተንፈሻ መርጃ ማሽን፣ እጥረት ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። በከፊል እውነት ነው። እኔ በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበርኩ፤ እኛን ያስጨነቀን በሩ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ ተጠርጣሪ ነበር፤ የልብ ድካም ያለባቸው እናትም፣ አስም የተነሳበት ወጣትም። ውጤት እስኪመጣ አንድ ላይ ብናስቀምጣቸው ያልተያዘውን እናስይዛለን፤ እንዳንለያያቸው ክፍል የለም። ያኔ የኮቪድ ሕክምና ማዕከል የነበሩት ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና ሚሊኒየም አዳራሽ በዋናነት ይቀበሉ የነበረው እኮ ኮቪድ እንዳለበት በምርመራ የተረጋገጠውን ነው። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክለን ትሪያጁን፣ ማለትም የሕሙማን ልየታውን፣ ወደ ውጭ አወጣነው። አስታማሚን ከበር መመለስስ? የኦክስጅን ሲሊንደር ከማመላለስ ይልቅ እሱ ይከብድ ነበር።