የጃቲሉዊህ ቦይ እና የእኛ የውኃ አባቶች

የኢንዶኔዥያ ደሴት የሆነችው ባሊ ስትነሣ በሜልቦርን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቀድሞ ትዝ የሚለን የባሕሩ ዳርቻ፣ የሆቴሉ ብዛትና የአውሮፕላን ቲኬቱ ርካሽነት ነው፤ የሥራ ባልደረቦቻችን ለዕረፍት ሄደው ሲመለሱ የሚያወሩልንም ይህንኑ ነው። ከባሕሩ ርቆ፣ 2,276 ሜትር ከፍታ ባለው የባቱካሩ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ስለሚገኘው ጃቲሉዊህ ስለተባለው የገበሬ መንደር ግን የሚያነሣልን የለም። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወንዝ ጠልፎ ሽንኩርትና ድንች በሚያለማ ቤተሰብ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ወደዚያ የሄድሁትም ኢንዶኔዥያውያን ገበሬዎች ውኃን እንዴት እንደሚካፈሉ በዓይኔ ለማየት ነበር።

መንደሩ በታባናን አስተዳደር ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። የሩዝ ማሳው ወደ 300 ሄክታር የሚጠጋ ሲሆን፣ ከተራራው ግርጌ እስከ ሸለቆው ድረስ እርከን በእርከን እየሆነ ይወርዳል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በባሊ የሚገኙ የእርከን ማሳዎችንና የውኃ ቤተ መቅደሶችን ከነሥርዓታቸው በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጃቲሉዊህም ተካትታለች። የኮንሶ የእርከን መልክዓ ምድር የተመዘገበው ከዚያ በአንድ ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኮንሶዎች እርከን የሚሠሩት የዝናብ ውኃና አፈር እንዳይሸሽባቸው ሲሆን፣ የባሊ ገበሬ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚወርደውን ወራጅ ውኃ ከማሳ ወደ ማሳ ለማስተላለፍ ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት ሱባክ የሚባለው የገበሬዎች ማኅበር ነው። ታሪኩ እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይደርሳል። ከአንድ የውኃ ምንጭ የሚጠጡ ማሳዎች ያሏቸው ገበሬዎች ሁሉ አባል ይሆናሉ፤ መሪያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ መተዳደሪያ ደንባቸውንም ራሳቸው ያወጣሉ። ቦይ በሚጠረግበት ቀን የቀረ ሰው ልክ በእኛ ዕድር እንደሚደረገው ይቀጣል። ማኅበሩ የሚቆመው በአንድ ቀበሌ መኖር ላይ ሳይሆን ከአንድ ውኃ በመጠጣት ላይ ስለሆነ፣ በተለያዩ መንደሮች የሚኖሩ ሰዎች በአንድ ሱባክ ሊታቀፉ ይችላሉ። የአስተዳደር ወሰን ውኃውን አይቆርጠውም።

ብዙ ጊዜ ቆሜ የተመለከትሁት የውኃ ማከፋፈያውን ነው። በቦዩ ላይ አንድ ግንድ አግድም ተጋድሟል፤ ዛሬ በብዙ ቦታ በሲሚንቶ ተተክቷል። ግንዱ ላይ ስፋታቸው የተለያየ መተላለፊያዎች ተጠርበዋል፤ ሰፊው ብዙ ማሳ ወዳለበት አቅጣጫ፣ ጠባቡ ጥቂት ማሳ ወዳለበት ውኃውን ይለቃሉ። የመተላለፊያዎቹ ወለል እኩል በመሆኑ የእያንዳንዱን ድርሻ የሚወስነው ስፋቱ ብቻ ነው። ወንዙ ሲሞላ ለሁሉም በየድርሻው ይጨምራል፤ ሲጎድልም በሁሉም ላይ በየድርሻው ይጎድላል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጎንበስ ብለው በጠባቡ መተላለፊያ የተሰነቀረውን ቅጠል በጣታቸው ሲያወጡ አየሁ። የእርስዎ ማሳ የት ነው ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅኋቸው፤ በሰፊው በኩል እንደሆነ ነገሩኝ። የጠረጉት የሌላውን ሰው ውኃ ነበር።

በልጅነቴ በእኛ መንደር ውኃ የሚታደለው በሰዓት ተራ ነበር። የሌሊት ተራ የደረሰው ሰው አካፋውን ይዞ ቦዩ ዳር ያድራል፤ ከላይ ያለው ሰው ውኃውን ሰርቆ ሲያዞር ከተገኘ ጠብ ይነሣል፤ አንዳንዴም ደም ይፈስሳል። ይህን የሚዳኙት የውኃ አባት የሚባሉት፣ በገበሬው ተመርጠው ተራ የሚያወጡና ጥፋተኛውን የሚቀጡ ሰው ነበሩ። ጠቡ የሚሸመገለው በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ነበር። የውኃ አባት በወሎም፣ በሰሜን ሸዋም የነበረና በየቦታው እስካሁን ያለ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ከባሊ ተምረን አዲስ ነገር እናምጣ ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ ያለው መንግሥትና ባለሙያ ይህን ሥርዓት በሚያዩበት ዓይን ላይ ነው።

በባሊም ቢሆን ይህ ዓይን ሁልጊዜ የቀና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢንዶኔዥያ መንግሥት የሩዝ ምርትን ለማሳደግ ፈጥነው የሚደርሱ ምርጥ ዘሮችን፣ ማዳበሪያንና ፀረ ተባይ መድኃኒትን ሲያስገባ፣ ገበሬዎቹ የውኃ ቤተ መቅደሱ የሚወስነውን የዘር ጊዜ መጠበቃቸውን ትተው በተቻላቸው ፍጥነት ደጋግመው እንዲዘሩ ገፋፋቸው። ውጤቱ የውኃ እጥረትና የተባይ መንጋ ሆነ። ስቲቨን ላንሲንግ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ከሥነ ምህዳር ባለሙያው ከጄምስ ክሬመር ጋር ሆኖ ምክንያቱን በኮምፒዩተር ስሌት አሳየ። የላይኛው ገበሬ ውኃውን በእጁ ስለያዘ ለታችኛው የሚያካፍልበት ምክንያት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘርተው፣ በአንድ ጊዜ አጭደው፣ ማሳውን በአንድ ጊዜ ካላሳረፉት ተባዩ ከታች ወደ ላይ እየተሸጋገረ የላይኛውንም ይበላዋል። የላይኛው ገበሬ ውኃ የሚሰጠው የታችኛው በበኩሉ ከተባይ ስለሚያድነው ነው። ይህን ስምምነት በየወቅቱ የሚያድሱት በየግድቡ ራስ የሚገኙት የውኃ ቤተ መቅደሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ መድኃኒቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ አግደዋል፤ ባለሥልጣናቱም የቤተ መቅደሶቹን ሚና ውሎ አድሮ ተቀብለዋል።

በእኛ ሀገር በ2006 ዓ.ም. የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ወጥቷል፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም የሲሚንቶ ቦይ ተሠርቶ፣ አዲስ ኮሚቴ ተመርጦ፣ ነባሩ የውኃ አባት ግን ሳይጠየቁ የቀሩበትን ቦታ በገዛ መንደሬ አውቃለሁ። ቦዩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደለል ሞላው። ቦዩ ጠራጊ ያጣው ሰው ስለሰነፈ አይደለም፤ ደለሉን የመጥረግ ግዴታ የማን እንደሆነ የሚያውቀው አሮጌው ሥርዓት ከመንገድ ስለተገፋ ነው። ይህ አሁንም ያሳዝነኛል።

ጃቲሉዊህ በተለይ የምትታወቀው በቀይ ሩዟ ነው። ይህ ነባር ዘር ቁመቱ ረዥም ነው፤ ለመድረስም አምስት ወር ያህልና ከዚያም በላይ ይፈጃል። የተሻሻሉት ዘሮች ከዚህ በጣም ፈጥነው እየደረሱ ሳለ ገበሬው አሁንም በዓመት አንዱን ወቅት ለዚህ ሩዝ ይሰጣል። በእኛ በኩል ሩዝ የቅርብ እንግዳ ነው፤ ፎገራ ላይ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ተጀምሮ፣ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀይጦ እንጀራ ሆኗል።

መንደሯን የሚያሳስባት የመሬት ጉዳይ ነው። በኢንዶኔዥያ መሬት የግል ስለሆነ ገበሬው መሸጥ ይችላል፤ የውጭ ዜጋ በባለቤትነት እንዳይዝ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የመሬት ሕግ ቢከለክልም ለረዥም ዓመታት መከራየት ግን ይችላል። የመሬት ግብሩ የሚሰላው በመሬቱ ዋጋ ስለሆነ፣ ጎረቤት ቪላ ሲሠራ የሩዝ ገበሬው ግብርም አብሮ ከፍ ይላል። እኛ ዘንድ መሬት አይሸጥም፤ ገበሬውን ከዚህ ፈተና ያዳነው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ለልማት ተብሎ በካሳ ሲነሣ ዋጋውን የሚተምነው ራሱ ባለመሆኑ ያ መከላከያ ሙሉ አይደለም። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን በ2021፣ የጮቄ ተራሮችን በ2022፣ ጃቲሉዊህን ደግሞ በ2024 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቷል። ጎብኚ ሲበዛ ጮቄ ሥር ያለው ገበሬም ሎጅ ለመሥራት ከሚመጣው ባለሀብት ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ጃቲሉዊህ ላይ ጎብኚ በመግቢያው ላይ ቲኬት ቆርጦ ይገባል፤ እርከኑን ጭቃ ውስጥ ቆሞ የሚጠግነው ሰው ከዚያ ገንዘብ ስንት እንደሚደርሰው አሁን ሊጠየቅ ይገባል።

ስለ ገንዘብ ካነሣሁ፣ በኢንዶኔዥያ መንደሮች የሚያስቀና አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመንደሮች ሕግ ከማዕከላዊው በጀት ለየመንደሩ ገንዘብ እንዲደርስ አድርጓል፤ ብዙ መንደሮችም የዓመቱን ገቢና ወጪ በትልቅ ሰሌዳ ጽፈው ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያቆሙታል። በመንገዴ ካየኋቸው ሰሌዳዎች የአንዱን ፎቶ አንሥቼ ትውልድ መንደሬ ላለው የወንድሜ ልጅ ላክሁለት። የቀበሌውን በጀት እንዲህ ተጽፎ አይቶ እንደማያውቅ መለሰልኝ፤ የመስኖ ማኅበራቸው ሒሳብ ያዥ ግን የዘንድሮውን መዋጮና ወጪ በአባላቱ ፊት አንድ በአንድ አንብበው፣ የጎደለችውን 340 ብር ከኪሳቸው እንደተኩ ጨምሮ ጻፈልኝ።