ለባዶ ሆድ አሰልጣኞቻችን የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ መስቀል አደባባይ ላይ ደረጃ ስትወጣ የነበረች ወጣት ጉልበቷ ተብረክርኮ ወደቀች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግንባሯን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል። አጠገቧ የነበረው ጎልማሳ ግን "ጎበዝ! መርዙ እየወጣልሽ ነው!" ብሎ አጨበጨበላት። ሰውዬውን ታውቁታላችሁ፤ በየሜዳውና በየጂሙ አይታጣም። እስከ ዛሬ ለውለታው ያመሰገነው ሰው ስለሌለ እኔ ልድፈር።

ክቡራን ያልተጠራችሁ አሰልጣኞች ሆይ! እናንተ ባትኖሩ፣ ስንት ወር ቤቱ ተቀምጦ ከርሞ፣ ምግቡን ቀንሶ፣ "እስቲ ደግሞ ስፖርት ልጀምር" ብሎ የወጣ ምስኪን ምን ይውጠው ነበር? አንድ ሁለት ሳምንት በእርምጃ ብቻ ይጀምር ነበር። ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ቀለል ያለ ክብደት ያነሣ ነበር። ጭራሽ ቁርሱን እንቁላል በልቶ ይመጣ ይሆናል! ከዚህ ሁሉ ውርደት አድናችሁት በመጀመሪያው ቀን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በአንድ ብርጭቆ የሎሚ ውሃ ታስሮጡታላችሁ።

ከሁሉም ግን ለባለ ላስቲኩ ያለኝ ፍቅር ይለያል። ቦርጩን በላስቲክ ሦስት ዙር ይጠመጥማል፤ በላዩ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጃኬት፣ በጃኬቱ ላይ የዝናብ ልብስ ይደርባል። ሲሮጥ ስለሚንኮሻኮሽ ሳይታይ መምጣቱ ይታወቃል። ከሩጫው በፊት የመንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ይመዘናል፤ ሮጦ ሲመለስ ደግሞ ይመዘናል። አንድ ኪሎ ቀንሷል! ላስቲኩን ፈትቶ የተንዠቀዠቀውን ላብ ለአላፊ አግዳሚው እያሳየ "ስብ ማለት ይኸው ነው" ብሎ ያስተምራል። ከዚያ ይጠማዋል፤ አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣል። ለክብሩ ሲል ሦስተኛ ጊዜ ይመዘናል። ኪሎዋ ተመልሳለች። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ መሆኑን የሚነግረው ዘመድ የለውም መሰለኝ፣ "ሚዛንህ ተበላሽቷል" ብሎ ልጁን ገንዘቡን ከልክሎት ይሄዳል። በማግስቱ ይኸው ሊቅ ለጀማሪዎች ስለ ካሎሪ ሲያብራራ ታገኙታላችሁ። አቼቶ በባዶ ሆድ የምታዝዘው እመቤትም ከጎኑ አትጠፋም፤ ለእርሷ ሌላ ቀን እመለሳለሁ።

አሁን ግን ሽሙጡ ይቅር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 እና 1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በቀን ወደ 1,570 ካሎሪ ገደማ እየበሉ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲራመዱ ተደርጎ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ከሰውነታቸው ሩብ ያህሉ አለቀ፤ ብርድ አንቀጠቀጣቸው፣ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ። እነዚህ ወንዶች ናቸው፤ ያውም ሐኪም ከላያቸው ሳይለይ፣ ያውም በእርምጃ! እናንተ ደግሞ ከዚያ ያነሰ የምትበላን ልጅ ደረጃ ታስሮጣላችሁ። የወጣ መርዝ የለም። ልጅቱ ርቧታል። የተራበ ሰውነት ስቡን ብቻ መርጦ አያቃጥልም፤ ጡንቻውንም ይበላል። ረሃብ ስንት ወገን በፈጀበት አገር፣ ከረሃብ የተነሣ ለወደቀ ሰው ማጨብጨብ ነውር ነው!

ልጅቱን ያነሣቻት ጥግ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ናት። እግሯን ከፍ አድርጋ አስተኛቻት፤ ነፍሷ መለስ ሲል "አይዞሽ እናቴ፣ ቀስ እያልሽ ጠጪ" እያለች በስኒ ስኳር በጥብጣ አጠጣቻት። አሰልጣኛችን ግን በዚህ በጣም አዘነ፤ የሁለት ሰዓት ልፋት በአንድ ማንኪያ ስኳር ገደል ገባ ሲል ሰማሁት።

ደግነቱ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። ለመጪው እሑድ እንጦጦን በሩጫ የሚወጡ ጀማሪዎችን እየመዘገበ ነው። ላስቲክ እርሱ ያቀርባል፤ ቁርስ የበላ ሰው ግን አይመዘገብም።