ቀውስ የአውሮፓን ኅብረት አጠነከረው ወይስ አዛነፈው?

(ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ደጋፊ፦ አጠንክሮታል። በ2010 ግሪክ ዕዳዋን መክፈል ሲያቅታት ኅብረቱ እጁ ላይ አንዳች መሣሪያ አልነበረውም፤ 110 ቢሊዮን ዩሮው የተሰበሰበው የዩሮ አገሮች በየግላቸው ካበደሩትና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ነው። በኮቪድ ጊዜ ግን የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው ኮሚሽኑ ራሱ በኅብረቱ ስም ቦንድ ሸጦ 750 ቢሊዮን ዩሮ እንዲበደር ተፈቀደለት። 390 ቢሊዮኑ ለአገሮቹ የማይመለስ ድጋፍ ነው። ለዓመታት የጋራ ዕዳን ስትቃወም የኖረችው ጀርመን እንኳ በሜይ 2020 ከፈረንሳይ ጋር ሆና ሐሳቡን አቀረበች።

ተቃዋሚ፦ ገንዘቡ መምጣቱን አልክድም። የእኔ ጥያቄ ማን ወሰነ ነው። ግሪኮች ጁላይ 5 ቀን 2015 በሕዝበ ውሳኔ፣ 61 በመቶ ሆነው፣ የአበዳሪዎቹን ሐሳብ እምቢ አሉ። በስምንተኛው ቀን መንግሥታቸው ብራስልስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተደራድሮ ጡረታንና ተጨማሪ እሴት ታክስን የሚነካ ውል ተቀበለ። ያ ሁሉ ድምፅ የት ገባ? በ2011 የወጣውን የበጀት ቁጥጥር ደንብም ይመልከቱ። ድሮ የበጀት ጉድለቱን ባላስተካከለ አገር ላይ ቅጣት የሚጸናው የአባል አገሮቹ ሚኒስትሮች በድምፅ ሲያጸድቁት ነበር። አሁን በ10 ቀን ውስጥ በልዩ አብላጫ፣ ማለትም ከተራ አብላጫ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ካልጣሉት እንደጸደቀ ይቆጠራል። ዝም ያለ ሁሉ ደግፏል ማለት ነው።

ደጋፊ፦ ደንቡ ሲፈተን ምን ሆነ? በ2016 ስፔንና ፖርቱጋል የበጀት ጉድለታቸውን ባለማስተካከላቸው ቅጣት ሲጠብቃቸው ኮሚሽኑ ራሱ ቅጣቱ ዜሮ ይሁን አለ። የኮቪዱን ብድር ደግሞ 27ቱም አገሮች ማጽደቅ ነበረባቸው፤ አንዱ ቢቀር አንድም ቦንድ አይሸጥም ነበር። አጽድቀው የጨረሱት በሜይ 2021 ነው።

ተቃዋሚ፦ ያ መንገድ ስለረዘመባቸው ነው አቋራጩን የለመዱት። የኅብረቱ ውል አንቀጽ 122 ለድንገተኛ ችግር የተጻፈ ነው። ኮሚሽኑ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሚኒስትሮቹ በልዩ አብላጫ፣ ማለትም ከኅብረቱ ሕዝብ ቢያንስ 65 በመቶውን በሚወክሉ ቢያንስ 15 አገሮች ድምፅ፣ ያጸድቃሉ። የአውሮፓ ፓርላማ ድምፅ አይሰጥም። በ2022 ለመብራት ዋጋ ተጠቀሙበት፤ ይሁን፣ ክረምት እየደረሰ ነበር። በ2025 ግን ለ150 ቢሊዮን ዩሮ የመከላከያ ብድር አዋሉት። ለዓመታት የሚታቀድ የጦር መሣሪያ ግዢ ምኑ ነው ድንገተኛ? ፓርላማው ለዚህ ነው የሚኒስትሮቹን ምክር ቤት ፍርድ ቤት ያቆመው።

ደጋፊ፦ አንቀጹ የጊዜ ገደብ ይበጅለት ካሉኝ እስማማለሁ። ነገር ግን ሙሉ ስምምነት ሲጠየቅ የሚሆነውንም አይተናል። በዲሴምበር 2023 ለዩክሬን የታሰበውን 50 ቢሊዮን ዩሮ ሃንጋሪ ብቻዋን አገደችው። እስከ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 አልለቀቀችም፤ ጦርነት ላይ ያለ አገር ሰባት ሳምንት ጠበቀ።