ለክቡር «ለሕግ ክፍል ይመራ» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ቢሮዬ ዘግይተው ስለመግባትዎ

ክቡር ምሪት ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ኮምቦልቻዎች ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። የፋብሪካው ነገረ ፈጅ ነኝ፤ ከመጋዘኑ ጎን ያለችው ጠባብ ቢሮ ውስጥ ያለሁት። እርስዎ ደግሞ በየደብዳቤው ጥግ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፈው የሚመጡት ነዎት፦ «ለሕግ ክፍል፤ ታይቶ አስፈላጊው በአስቸኳይ ይፈጸም።» ፊርማ አለዎት። ቲተር፣ ያቺ የስም ማኅተም፣ አለዎት። ቀን ብቻ የለዎትም።

ሌላ ሰው ይህን ቸልተኝነት ሊለው ይችላል። እኔ ግን ብልሃትዎን አደንቃለሁ። ቀን ያልተጻፈበት ምሪት ዘገየ ተብሎ አይከሰስም።

ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ እስከ እኔ በር ግቢውን ማቋረጥ ብቻ ነው። እርስዎ ግን መጀመሪያ ምክትሉ ጋ ጎራ ይላሉ። ከዚያ ሰው ሀብት። ከዚያ «ለመረጃ ያህል» ፋይናንስ። መዝገብ ቤት ያድራሉ፤ ሠራተኛዋ የዓመት ፈቃድ ከወጣች ደግሞ ይከርማሉ። ከዚህ የተነሳ ከባድ መኪና የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ወጥቶ፣ ደሴ ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ እርስዎ ገና ሁለተኛ ፎቅ ነዎት።

ያንን የስንብት መዝገብ ያስታውሱታል? ሠራተኛው የድርጅቱን ንብረት ሆን ብሎ አበላሸ ተባለ። ምስክር አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ፎቶም አለ። እርስዎም «ይሰናበት፤ ሕግ ክፍል ደብዳቤውን ያዘጋጅ» ብለው ደረትዎን ነፍተው መጡ። ችግሩ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27 ጥፋቶችን ዘርዝሮ ብቻ አያበቃም። አሠሪው የስንብቱን ምክንያት ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በዚያ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ይቀራል ይላል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሪፖርቱን ያስገባው ክረምት ሳይገባ ነበር። እርስዎ የደረሱት አደይ ሲፈነዳ ነው።

«ድርጅቱ ያወቀው ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ሲያነበው ነው» ብለህ ተከራከር ተባልኩ። ተከራከርኩ። ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ሌላ አልጨምርም።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ሠራተኛው ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል፣ እስከ 6 ወር ከሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ጋር። ይግባኝ ተብሎ ፍርዱ ከጸና ውዝፉ እስከ አንድ ዓመት ይደርሳል። አይመለስ ከተባለም የአማካይ ቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ካሳ አለ፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያው ሳይቆጠር። ልብ ይበሉ፣ ሰውየው አላጠፋም ያለ ማንም የለም። ጥፋቱን ለመመዘን እንኳ አልተደረሰም። ያሸነፈን በእርስዎ እግር ነው። በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሕግ ክፍል ምን ሲሠራ ነበር?»

ተሰናባቹ ከንብረት ነጻ መሆኑ የሚፈረምበትን የክሊራንሱን ነገር አላነሳብዎም። የተሰናባች ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል እንዳለበት፣ ካልተከፈለም ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስጨምር እንደሚችል የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ከመስክ ሲመለስ እነግረዋለሁ።

ውል ላይ ግን ይብስብዎታል። «ለሕግ አስተያየት» ብለው ሲመጡ ሁለቱም ወገን ፈርመዋል፣ ማኅተም አርፏል፣ ቅድመ ክፍያውም ተልኳል። ምን አስተያየት ልስጥ? ማኅተሙ ጥርት ብሎ ወጥቷል ልበል? የመለዋወጫ ግዢው ውል መጨረሻ ላይ፣ በጉንዳን ፊደል፣ አለመግባባት ቢነሳ ሲንጋፖር በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽ ተቀምጧል። ደሴ ለይግባኝ ለመውጣት አበል የሚከለከል ክፍል ሲንጋፖር ሄዶ ሊከራከር ነው! «እዚያ የተወሰነው እዚህ ምን ያመጣብናል?» እንዳይሉኝ። ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔ እንዲፈጸም የሚያደርገውን የኒውዮርክን ስምምነት በአዋጅ 1184/2012 አጽድቃለች። ውሳኔው ተከትሎን ሊመጣ ይችላል፤ እንደ እርስዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አያድርም።

አንዳንዴ ደግሞ መመሪያ ይዘው ይመጣሉ። መመሪያ ማለቴ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ነው፤ ግማሹን የአንሺው አውራ ጣት ሸፍኖታል። አዋጅ 1183/2012 የፌዴራል ተቋም መመሪያ ካልተመዘገበና ድረ ገጽ ላይ ካልተጫነ አይፈጸምም ይላል። ይህን ጽፌ ስመልስዎ «ፈቃድ እድሳት ላይ ነን፤ ዝም ብለህ ፈጽም» ተብለው ዞረው ይመጣሉ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አልፈርድብዎም። አዋጁ በእጃችን ቢሆንም የእድሳቱ ማኅተም በተቋሙ እጅ ነው።

መጥሪያን በተመለከተ ግን አፈር ስሆን! መጥሪያ ለጥበቃው ይሰጣል፤ ጥበቃው ለተረኛው፤ ተረኛው ለመዝገብ ቤት፤ ከዚያ የእርስዎ ጉብኝት ይጀምራል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የወጣው በ1958 ነው። ያኔም አንቀጽ 70 ተከሳሽ መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበ ክርክሩ በሌለበት ይታያል ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ «ምሪቱ እስኪደርስ ይጠበቅ» የሚል ማሻሻያ አልወጣም። የሥራ ክርክር ይግባኝ 30 ቀን ነው፣ የፍትሐ ብሔሩ 60። ቀኑን የሚቆጥረው ፍርድ ቤቱ ነው፤ የእኛን የገቢ መዝገብ አያይም።

ስለዚህ እንደራደር። ፍርድ ቤት፣ ገቢዎች ወይም ሥራና ክህሎት የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት በር ላይ ሲገባ ፎቶ ኮፒው ቀጥታ እኔ ጋ ይምጣ። ዋናው እንደፈለገ ይዙር፣ ቡናም ይጠጣ። ውል ደግሞ ሳይፈረም ይምጣ። እርስዎም ከቲተርዎ ጎን ቀን ይጻፉ። ይህን ሁሉ ባለፈውም በጽሑፍ አቅርቤ ነበር፤ «ለሕግ ክፍል፤ ለአስተያየት» ተብሎ ተመራልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ነገረ ፈጅ

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት፣ የ30 ቀኑን ቆጠራ ዛሬ እንድትጀምሩ
ለፋይናንስ፣ የደሴው አበል እንዲታሰብልኝ
ለመዝገብ ቤት፣ ይህ ደብዳቤ ወጪ ነው፤ እባካችሁ ገቢ ብላችሁ መልሳችሁ እንዳትልኩልኝ